ከኋላዬ ያለፈው ባለበቆሎ

ሰውዬውን አላውቀውም። ይህንን ከሁሉ አስቀድሜ የምነግራችሁ እንድታምኑኝ ብዬ አይደለም፤ ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው። ሐረር ሙሉ ሳያምነኝ በልቼ ጠጥቼ የኖርኩ ሰው ነኝ። ደግሞም አልምልም። ያኔም አልማልኩም፣ ዛሬም አልምልም። ሻይ ያለው ሻዩን፣ ጫት ያለው ጫቱን ይዞ፣ ምንም የሌለው እጁን አጣጥፎ ይስማኝ።

አባቴ መኪና ግርግር የሚሠራ ልብስ ሰፊ ነው። መኪና ግርግርን ላላየ ሰው፣ ጁገል በምንለው የከተማው ግንብ ውስጥ ከፈረስ መጋላ አደባባይ ወደ ታች የሚወርድ ጠባብ መንገድ ነው፤ ግራና ቀኙ የስፌት መኪና ነው፤ ስሙንም ያወጣለት የመኪኖቹ ጩኸት ነው። እዚያ መንገድ ላይ ሰው ለመሰማማት መጮኽ አለበት፤ ስለዚህ ምስጢር የሚባል ነገር አይበቅልበትም። አንድ ሰፊ ለጎረቤቱ ‘ለማንም እንዳትናገር’ ብሎ ሲጮኽ መንገደኛው ሁሉ ‘እሺ’ ይላል።

ትምህርቴን ጨርሼ ከግንቡ ውጭ ባለው ሆስፒታል ቁስል ማጠብ ስለማመድ፣ ቤሩት ሄዳ ነርስነት የምትማር ልጅ ትፈለጋለች ተባለ። እጄን አወጣሁ። ለምን እንዳወጣሁት እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ከዚያ በፊት የረገጥኩት ሩቅ አገር ድሬዳዋ ነው፤ እሱንም ሙቀቱ አሞኝ በማግሥቱ ነው ጥዬው የመጣሁት።

"ቤሩት የት ነው?" አለኝ አባቴ።

"ከመካ አልፎ ነው፣ አባባ።"

"ከመካ አልፎ?" አለና መርፌው ላይ ክር እያሾለከ ጥቂት አሰበ። "መካን አልፎ የሚሄድ መንገድ ክፉ ቦታ አያደርስም፤ ሂጂ።"

አክስቴ ሞሚና ግን ሌላ ናት። የአባቴ ታላቅ እህት ናት። በአፎቻችን፣ ማለት በሰፈራችን የደስታና የሐዘን ማኅበር ውስጥ፣ እሷ አንድ ቃል ሳትናገር ሙሽራ አትወጣም፣ ሟችም ተረጋግቶ አይቀበርም። እኔን ከእግር እስከ ራሴ አየችና "ሳምንት አይሞላሽም፤ እያለቀስሽ ትመለሻለሽ" አለችኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ያስቆየኝ ይህ ቃል ነው። የምስክር ወረቀቴ ያስተማረኝ ሌላ ነው ይላል፤ እኔን ያስተማረችኝ አክስቴ ሞሚና ናት። መርከቡ ጅቡቲን ለቆ የበላሁትን ሁሉ ለባሕር ስመልስ፣ እጄ የመርከቡን ብረት አንቆ ይዞ "አላለቅስም" እል ነበር። ዓሦቹ ይመስክሩ፣ ሌላው ሁሉ ወጣ እንጂ እንባ አልወጣኝም።

አረብኛ እችላለሁ ብዬ ነበር የሄድኩት። ቁርአን ቤት የቀራሁትን ይዤ ዳቦ ቤት ገባሁና ዳቦ ጠየቅሁ። ባለዳቦው ደነገጠ። ሚስቱን ጠራ፤ ሚስቱ ጎረቤቷን ጠራች፤ "እባክሽ ድገሚው" አሉኝ። አዲስ አበባ አንድ ሰው ዳቦ ቤት ገብቶ በግዕዝ ‘ኅብስተ ሀበኒ’ ቢል ማለት ነው። ደገምኩላቸው። የሚያፍር ይፈር፤ እኔ ዳቦውን በነፃ ወሰድኩ፤ ከዚያ በኋላም እንግዳ በመጣባቸው ቁጥር እያስጠሩ ያስደግሙኝ ነበር።

ትምህርት ቤት ደግሞ "ሐረር የት ነው? ቤት አላችሁ?" የምትል አትጠፋም። "ከተማችን ግንብና በር አለው" እላለሁ። "በዱሮ ጊዜ ሲመሽ ይዘጋ ነበር። የእናንተን አየሁት፤ የፈለገ ዘው ብሎ ይገባል። እኔም የገባሁት እንደዚያው ነው።" እውነቱን ለመናገር ግን ከሁሉ የገረመኝ ሌላ ነገር ነበር። ሐረር ውስጥ ከቤት እስከ ሱቅ ስሄድ የማን ልጅ እንደሆንኩ የማያውቅ ድንጋይ እንኳ የለም። ቤሩት መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ብሄደው የሚያውቀኝ ሰው የለም። መጀመሪያ ክንፍ ያወጣሁ መሰለኝ። አንድ ቀን ትኩሳት ይዞኝ አልጋ ላይ ስቀር፣ እዚህ ብሞት ወሬው በየትኛው መንገድ ተጉዞ የማንን በር ያንኳኳል ብዬ አሰብኩ። የሰው አገር ማለት ይህ ነው፤ ነፃ ያወጣሽና ብርድ ያስመታሻል። ሁለቱንም ወደድኩት። ‘ናፍቆት ገደለኝ’ እንድል የምትጠብቁ ካላችሁ ይቅርታ፣ ናፍቆቱ አልገደለኝም፤ እንዲያውም ወፈርኩ።

እናቴ ግን ይህን አታምንም። "ከስተሻል አሉኝ" እያለች ታስጽፋለች። ማን አላት? ማንም፤ የእናት ሆድ ነው። ስለዚህ አንድ እሑድ አብራኝ ከምትኖር ልጅ ካፖርት ተውሼ፣ በባሕሩ ዳር ሣጥን ካሜራቸውን ተክለው ከሚቆሙት ባለፎቶዎች ፊት ቆምኩ። ጉንጬን በትንፋሽ ነፋ አደረግሁ። ባለፎቶው "አትተንፍሺ" አለኝ፤ እኔም ባይለኝም ልተነፍስ አልችልም ነበር። በዚያች ቅጽበት አንድ ሰው የተጠበሰ በቆሎ እየጋጠ ከኋላዬ አለፈ። ከካሜራው ወዲያ የሚያውቀው ሰው አየ መሰለኝ፣ ጥርሱን ሁሉ ገልጦ ሳቀ፤ በበቆሎውም ሰላምታ ሰጠ።

ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ ሰውዬው ከትከሻዬ ላይ በቅሏል። ሳቁ ለእኔ ነው፤ በቆሎውም "እንካፈል" እንደሚባል ወደ አፌ ተዘርግቷል። እኔም በተነፋ ጉንጬ የጎረስኩ መስያለሁ። ሌላ ለመነሳት ኪሴ እምቢ አለ። "ምን ቸገረኝ፤ እናቴ የምታየው እኔን ነው" ብዬ ላክሁት። ተላላነት ማለት ይህ ነው። ሐረር ፎቶ ሲደርስ መጀመሪያ የሚታየው የማይታወቀው ሰው ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነውን የነገረችኝ ታናሽ እህቴ ዘይቱና ናት፤ ያኔ እኔ ቤሩት ተቀምጬ ምንም አላውቅም። እናቴ ፎቶውን ሳመችው፤ ጎረቤት መጥታ "ይሄኛውስ ማነው?" አለች፤ አለቀ። ፎቶው መኪና ግርግር ወረደ። ሰፊዎቹ ፊቱን ትተው ልብሱን መረመሩ።

"የኮሌታው አቆራረጥ የአርመን እጅ ነው" አለ አንዱ። "ይህን ያሰፋ ሰው ሚስት ማስተዳደር አያቅተውም።"

"አንድ ቁልፍ ጎድሎታል" አለ ሌላው። "ሚስት ብትሆነው ትተክልለት ነበር። ኒካሁ ገና አልታሰረም ማለት ነው።"

አክስቴ ሞሚና ደግሞ በቆሎውን ያዘች። "ትልቅ ሰው መንገድ ላይ ቆሞ በቆሎ አይበላም፤ እርሻው የራሱ ካልሆነ በቀር።" በዚህ ዓይነት ሰውዬው በሳምንቱ ባለእርሻ ሆነ፤ በወሩ እርሻው ሰፋ።

ይህ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ቤት ውስጥ የምንናገረው የራሳችንን ቋንቋ ነው፤ ደብዳቤ ግን የሚጻፈው በአማርኛ ነው፤ ለዚህም አባቴ ከጁገል ውጭ ጃንጥላ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉ አቶ ገብረየስ የሚባሉ ሰው ነበሩት። አቶ ገብረየስ እጅግ ጨዋ ናቸው፤ መንገድ የዘጋባቸውን አህያ ‘ይለፉ’ የሚሉ ሰው ናቸው። አማርኛም እንደምታውቁት አንድ የተከበረ ሰውና አንድ ክፍል ሙሉ ሰው ተለይተው የማይታወቁበት ቋንቋ ነው። እናም "አብረውሽ ላሉትም ሰላምታችንን አቅርቢልን" የሚል ደብዳቤ መጣልኝ።

አብረውኝ ያሉት ሦስት ሴቶች ናቸው፤ አንድ ክፍል ውስጥ ነው የምንተኛው። እኔም በወግ መለስኩ፦ "ደህና ናቸው፤ ሰላም ብለዋችኋል።"

"ምግቡስ ይስማማቸዋል?" ተባልኩ።

"ይበላሉ እንጂ! የእኔንም ድርሻ ይጨርሱብኛል።"

"ጠባያቸውስ እንዴት ነው?"

"ደግ ናቸው። ብቻ ሲተኙ ያንኮራፋሉ፤ እንቅልፍ ነስተውኛል።"

አቶ ገብረየስ ይህን ለአባቴ ሲያነቡ ‘ያንኮራፋሉ’ ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ደግመው አዩት። ከዚያ "ይኼ እንኳ የቤተሰብ ጉዳይ ነው" ብለው ወረቀቱን አጥፈው ሰጡት፣ ፊታቸውንም አዞሩ። አክስቴ ሞሚና የጠየቀችው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ "ማንኮራፋታቸውን በምን አወቀች?" ከዚያ ወዲህ የአባቴ ደብዳቤ አጠረ። የእናቴ ግን ረዘመ። "ብርድ እንዳይመታቸው ተጠንቀቂላቸው" ትላለች። እኔ ደግሞ እናቴ ለእነዚያ ሴቶች እንዲህ ማሰቧ ልቤን ነክቶኝ፣ ሲተኙ ብርድ ልብሳቸውን አስተካክልላቸው ጀመር።

ትምህርቴን ጨርሼ ስመለስ፣ ከድሬዳዋ የሚመጣው አውቶቡስ ደጃፍ ላይ ቤተሰቡ ሁሉ ቆሟል። ወረድኩ። ማንም እኔን አላየም፤ ሁሉም ከኋላዬ ያያል። የአውቶቡሱ ረዳት ሻንጣዬን ተሸክሞ ሲወርድ እናቴ ተንደርድራ ግንባሩን ሳመችው። ልጁ ደነገጠ፤ ግን አልከፋውም።

"የት ናቸው?" አለች አክስቴ።

"እነማን?"

አክስቴ ወደ እናቴ ዞረች፤ እናቴም ሻሿን ወደ ዓይኗ ወሰደች። ወደ ቤት ሄድን። ቁልቁለቱ ላይ አዳልጦኝ ከነሻንጣዬ ስንደባለል፣ በቤሩት ሰፈር አረብኛ ሻንጣውንም የሠራውንም ዘር ማንዘሩንም ረገምኩ። አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ቆም አሉና "አሚን" አሉ።

በማግሥቱ የአፎቻው ሴቶች ሊያጽናኑኝ መጡ። "አይዞሽ፣ ያልፋል" አሉኝ። ስለ መንገዱ መስሎኝ "አዎ፣ መርከቡ ላይ ክፉኛ ያዘኝ" አልኩ። "በተለይ ጠዋት ጠዋት ያስመልሰኝ ነበር።"

አንዲት ሴትዮ በቀስታ "ያ ረቢ" አለች። ሌላዋ ሆዴን አየችና ዓይኗን አነሳች። ያኔ ዘይቱና እጄን ይዛ ወደ ጎን ክፍል ጎተተችኝ፤ ሁሉንም ነገረችኝ። የኮሌታውን፣ የእርሻውን፣ የማንኮራፋቱን። መሬት ላይ ተቀምጬ አፌን በትራስ አፍኜ ሳቅሁ፤ እንባዬ እስኪወርድ፣ ትንፋሽ እስኪያጥረኝ። ሳሎን ያሉት ሴቶች "አለቀሰች፤ እሰይ፣ ይውጣላት" አሉ።

መሳቁ እዚያ ላይ አበቃ። ሐጂ ዩስፍ የሚባሉ የሰፈራችን ትልቅ ሰው ለአባቴ መልእክት ላኩ። የወንድማቸው ልጅ ከመሄዴ በፊት ጀምሮ ይፈልገኝ ነበር፤ አሁንም ደግ ልጅ ነውና አይተወኝም፤ ነገር ግን በሽማግሎች ፊት ቁርአን ይዤ ‘ሰውዬውን አላውቀውም’ ብዬ ልማል። ካልማልኩ ስሜ ከሐሜት አይጠራም፤ ስሟ ያልጠራ ነርስን ደግሞ የትኛው ባል ለሚስቱ ምጥ ይጠራል? ሦስት ዓመት ብርድ የበላሁበት ሙያ በአንድ በቆሎ ሊቀር ነው።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ቤታችን ተሰበሰቡ። ሽማግሎቹ ከፍተኛው ነደባ ላይ ተቀመጡ፤ ነደባ የምንለው በቤታችን ውስጥ ከፍና ዝቅ እያለ የሚሠራውን ቀይ መደብ ነው፤ ሰው በማዕረጉ ይቀመጥበታል። እኔ በሩ አጠገብ፣ ዝቅተኛው ላይ። ሴቶቹ የጎን ክፍል ውስጥ ሆነው ይሰማሉ። ቁርአኑ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ መሐል ተቀምጧል።

"ልጄ" አሉ ሐጂ ዩስፍ፣ "ያ የሚያንኮራፋው ማነው?"

"ሐጂ፣ ያንኮራፉት ሦስት ሴቶች ናቸው። ከፈቀዱልኝ ላሰማዎት።"

ዝምታቸውን እንደ ፈቃድ ቆጠርኩት። የመጀመሪያዋን አሰማሁ፤ እሷ እንደ ግመል ነው፣ ተነሺ ሲሏት የምታጉረመርም ግመል። ሁለተኛዋ ያፏጫል አፍንጫዋ። ሦስተኛዋ ጭራሽ ትንፋሿን ታቆምና ሞተች ስትሏት በአንድ ጊዜ ሁሉንም ትለቀዋለች። አንዱ ሽማግሌ በሳቅ ምርኩዛቸው ወደቀ። ሐጂ ዩስፍም ኩታቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ግን ኩታውን አወረዱ።

"ጥሩ ነው፤ አምነንሻል። እንግዲህ ማዪና ይለቅ።"

"ካመናችሁኝ ለምን እምላለሁ?"

"ለሰው አፍ ነዋ።"

"ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዛሬ በቆሎ ለበላው ከማልኩ፣ ነገ ዳቦ ለሸጠልኝ፣ ከነገ ወዲያ ለመርከቡ ወጥ ቤት ልምል ነው። ሦስት ዓመት ነው የኖርኩት፤ ከኋላዬ ያለፈው ወንድ ሁሉ መሐላ ከተቆጠረለት ዕድሜዬ አይበቃም።"

"ምላሷን ተመልከቱ!" አለች አክስቴ ሞሚና ከጎን ክፍል።

"አክስቴ፣ ልጅሽ ከኤደን ሲመለስ ማን አስማለው? ‘ማሻአላህ፣ ወፍረሃል’ ተባለ፤ ሰዓቱን አየንለት፤ ተበላ፣ ተጠጣ። እኔም እኮ ወፍሬያለሁ! አንድ ሰው ‘ወፍረሻል’ ያለኝ የለም።"

አባቴ እጆቹን እያሻሸ አየኝና "ልጄ፣ አንዴ ብትምዪ ምን አለበት? ይለፍልን" አለኝ። ድምፁ የደከመ ነበር። ይህ ነው የከበደኝ። የሐጂን ዓይን ችዬ ነበር፤ የአባቴን ግን ልችለው አቃተኝ። ቁርአኑን አየሁት። እጄን ብዘረጋ ሁሉም ተነስቶ ቤቱ ይሄዳል፤ አባቴም ነገ ቀና ብሎ መኪናው ላይ ይቀመጣል።

"አባባ፣ ላንተ ብዬ ብዙ ነገር አደርጋለሁ" አልኩ። "ይህን ግን አላደርግም። ባላጠፋሁት ነገር እጄን አልዘረጋም።"

የጎን ክፍሉ መጋረጃ ተገለጠና እናቴ ወጣች። እናቴ በወንዶች ጉባኤ ፊት ተናግራ አታውቅም።

"ለዚያ ልጅ እኔ ዱዓ ሳደርግለት ኖሬያለሁ" አለች። "ብርድ እንዳይመታው፣ ባሕር እንዳይወስደው፣ በቆሎው እንዳያንቀው። ልጄ አላውቀውም ካለች አታውቀውም። እኔ ግን አውቀዋለሁ። ጥርሱን አውቀዋለሁ፤ የጎደለችውን ቁልፍ አውቃታለሁ። የሰው ልጅ ነው፤ የሆነች እናት ወልዳዋለች። መሐላ አይደለም የፈለጋችሁት?" ቁርአኑን አንስታ ደረቷ ላይ ያዘችው። "ወላሂ፣ የእኔ ልጅ ነው! በቃ፣ ተማለላችሁ።"

ሽማግሎቹ ተያዩ። መሐላ ጠይቀው ነበር፤ መሐላ አገኙ፤ ግን የማይሆነውን መሐላ፣ ከማይሆነው ሰው። ይህን ለመፍታት ምን ኪታብ እንደሚገለጥ የሚያውቅ አልነበረም። ሐጂ ዩስፍ "አስተግፊሩላህ" አሉ፤ ዱዓ አደረጉ፤ ጫማቸውን ፈለጉ። በሩ ላይ ሲደርሱ ለአባቴ "የወንድሜ ልጅ ሌላ ቤት ይጠይቃል" አሉት። "መልካም ይግጠመው" አልኩ እኔ። አልተጠየቅሁም፤ ግን አልኩ።

ድል አደረግሁ ብዬ አላወራላችሁም። ሰው አፉን አልዘጋም፤ አክስቴ ሞሚና ለረጅም ጊዜ ሰላም አላለችኝም፤ የመጀመሪያዎቹ ወራት ለምጥ የጠራኝ ቤት አልነበረም። እናቴም እንዲያው ለብቻችን ስንሆን "እውነት ጭራሽ አታውቂውም?" ትለኝ ነበር፤ አላውቀውም ስላት ቅር ይላት ነበር።

ሆስፒታሉ ውስጥ ሥራ በጀመርኩበት ጠዋት ነጩን የነርስ ልብሴን ለበስኩ። እናቴ "በጓሮው መንገድ ሂጂ፣ በዚያ ሰው የለም" አለችኝ። የሚያውቀኝ ሰው በሌለበት መንገድ ሦስት ዓመት ሄጃለሁ፤ ይበቃኛል። መኪና ግርግርን ከታች ይዤ ወደ ላይ ወጣሁ። አንዱ ሰፊ አየኝና እግሩን አቆመ። ቀጥሎ ያለው አቆመ። ከእኔ ፊት ፊት ጩኸቱ እየሞተ ሄደ፤ ያንን መንገድ እንደዚያ ጸጥ ብሎ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ የጫማዬ ድምፅ ይሰማኝ ነበር።

መሐል ላይ ቆምኩ። "አሰላሙ ዐለይኩም!" አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

ሰላምታ ነውና መመለስ ግድ ነው። "ወዐለይኩም ሰላም" አሉ፣ አንዳንዱ በጥርሱ፣ አንዳንዱ በሹክሹክታ። አንድ አዛውንት ሰፊ መቀሳቸውን አስቀመጡና በደግነት፣ ያለ ምንም ክፋት "እንግዲህ ኢንሻአላህ ቤትሽ አርፈሽ ትቀመጫለሽ፣ ልጄ?" አሉኝ።

"አልቀመጥም፣ አባቴ" አልኳቸው። "ሥራ ይረፍድብኛል።"

አለፍኩ። ጥቂት እንደሄድኩ ከኋላዬ አንድ መኪና ብቻውን ተነሳ። ዞሬ አላየሁም። የአባቴ መኪና መርገጫው ዘይት ቢጠጣም ባይጠጣም ይንቋቋል፤ ከሺህ መኪና መሐል እለየዋለሁ።